ሰላም ሴት መሆኗ በምን ታወቀ? (ከነመልሶቹ)

ዋናው ጥያቄ

ዲኪካ ላይ የተገኘችው ሰላም ሕፃን ናት። ከድንቅነሽ ዝርያ የሆነች፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አፈር ውስጥ የቆየች ሕፃን። የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ላይ፣ አፋር ውስጥ ነው። ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቻቸው አጥንቷን ከያዘው ድንጋይ በትንሽ በትንሹ እየፈለቀቁ ለማውጣት ዓመታት ፈጀባቸው። በ2006 ለዓለም ስትተዋወቅ የ3 ዓመት ሴት ልጅ ተባለች። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም እሷ እያልን ነው የምንጠራት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። የሞተ ሰው አጥንት የሚመረምሩ ባለሙያዎች ያልጎረመሰ ልጅ አጥንት ሲያጋጥማቸው ጾታውን ከመናገር ይቆጠባሉ። ዳሌው ገና አልለየም፣ መንጋጋውም ያው ነው ይላሉ። ታዲያ የትናንት ልጅ አጥንት ይህን ያህል ካስቸገረ የሰላምን በምን ለዩት? ደግሞስ ከጉርምስና በፊት የወንድና የሴት ልጅ አጥንት በቅርጹም በአስተዳደጉም ጭራሽ አይለያይም ማለት ነው? የምታውቁ አስረዱኝ።

መልሶቹ

ክሩ (የመልሶቹ ሰንሰለት) ካሰብኩት በላይ ረዘመ። ዘግይታችሁ ለምትገቡ ሁሉንም ከማንበብ ይህ ማጠቃለያ ይቀላል ብዬ ነው። ስድቡን አስቀርቼዋለሁ። ቁጥሮቹ የመልሶቹ ተራ ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ለጥያቄው አመስግኖ ነው የገባው። መልሱ ያለው ጥርሷ ላይ እንደሆነ አስረዳ። የሰላም የወተት ጥርሶች በቅለዋል። ከሥራቸው መንጋጋው ውስጥ ግን ገና ያልወጡ ቋሚ ጥርሶች አሉ። ተመራማሪዎቹ ምንም ሳይሰብሩ በሲቲ ስካን አይተው ለኳቸው። የጥርስ አናት ደግሞ አንዴ ከተሠራ አያድግም። ስናኝክበት ያልቃል እንጂ አይጨምርም። ስለዚህ የሕፃን አጥንት ከአዋቂ አጥንት ጋር ባይወዳደርም ጥርሱ ይወዳደራል። በእነ ድንቅነሽ ዝርያ ወንዶቹ ከሴቶቹ በአካል በጣም ይበልጡ ስለነበር የጥርስ መጠን የሚጠቁመው ነገር አለ። የሰላም ጥርስ ከትንንሾቹ ወገን ሆነ። ሴት ሳትሆን አትቀርም የተባለው በዚህ ነው። ዳሌዋን አይቶ የፈረደ የለም። የጥያቄዬ ግማሽ እዚሁ ላይ ተመለሰ።

2. ሁለተኛው በሁለት መስመር ክሩን ሊዘጋው ሞከረ። ሁሉም ግምት ነው፣ ስሙን አስቀድመው አውጥተው ጾታውን ኋላ ፈለጉለት ባይ ነው። ላይክ በላይክ ሆነ። ይህን ሰው አትርሱት፣ ይመለሳል።

3. ሦስተኛዋ ራጅ ክፍል የምትሠራ ባለሙያ ናት። በእኔ ግምት የክሩ ምርጥ መልስ የሷ ነው። ከጉርምስና በፊት ልዩነት የለም የሚለው ነገር ለቅርጽ ያስኬድ ይሆናል፣ ለፍጥነት ግን አያስኬድም አለች። የፍጥነቱ ልዩነት ከማህፀን ይጀምራል። ሴት ልጅ ስትወለድ አጥንቷ ከወንዱ በሳምንታት ቀድሞ የበሰለ ነው። ጉርምስና ሲቃረብ ልዩነቱ ወደ ሁለት ዓመት ይሰፋል።

ይህን የምታየው በእጅ አንጓ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን አንጓ በራጅ ሲታይ ባዶ ይመስላል። እዚያ የሚኖሩት ስምንት ትንንሽ አጥንቶች ገና ለስላሳ ስለሆኑ ፊልሙ ላይ አይወጡም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁለቱ ብቅ ይላሉ። የቀሩት ዓመታት እየጠበቁ በየተራቸው ይመጣሉ። ተራው ለወንዱም ለሴቷም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፣ ሴቷ ግን ትቀድማለች። ሐኪሞች የአጥንት ዕድሜ (አጥንቱ የደረሰበትን የብስለት ደረጃ) የሚያነቡበት የግሮይሊችና የፓይል አትላስ (የራጅ ሥዕሎች መጽሐፍ) የወንድና የሴት ገጾችን ለየብቻ ያስቀመጠው በዚሁ ምክንያት ነው። የወንድ ልጅን ራጅ በሴቶቹ ገጽ ያነበበ ሰው ጤነኛውን ልጅ ወደኋላ የቀረ ነው ብሎ ወላጆቹን ያስደነግጣል።

4. ወንድና ሴት መንታ ያሏት እናት ደግሞ የ3ኛዋን አንብባ ተደሰተች። ሴቷ ጥርስ ያወጣችው ቀድማ፣ የሄደችውም ቀድማ ነው። ወንዱ ግን ከተወለደ ጀምሮ በቁመት ይበልጣታል። ቀድማ የምትበስለው እሷ ከሆነች እሱ ለምን ረዘመ ስትል ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው።

5. መስከት ውስጥ በነርስነት የምትሠራ የአገራችን ልጅ መለሰችላት። መብሰልና መርዘም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀድሞ መሄድም የአጥንት ዕድሜ ማረጋገጫ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ያወጣው የሕፃናት እድገት መለኪያ ለወንድና ለሴት ለየብቻ ነው። ልጆቹ የተለኩት በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ነው። ኦማንን ስትጠቅስ የኮራች ትመስላለች፣ እንግዲህ የምትኖርበት አገር ነው። በመለኪያው መሠረት አዲስ የተወለደ ወንድ አማካይ ርዝመት 49.9 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የሴቷ 49.1 ነው። የራሱ ዙሪያ 34.5፣ የሷ 33.9። በ5 ዓመታቸው እሱ 110.0፣ እሷ 109.4። በሌላ አነጋገር ልዩነቱ አለ፣ ግን በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። ወንድ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት ቴስቶስትሮኑ (የወንድ የሚባለው ሆርሞን) ለጥቂት ጊዜ ከፍ እንደሚልና ያኔ በርዝመት ሴቷን እንደሚቀድም ጨመረችበት። ለመንታዎቹ እናት የሰጠችው ምክር አጭር ነው። ልጆቹን እርስ በርስ አታወዳድሪያቸው፣ ሁለቱንም በየራሳቸው ካርድ ተከታተያቸው።

6. ከዚህ በኋላ ጭቅጭቁ ተጀመረ። አንድ አባት የወንድ አጥንት ከተፈጥሮው ጠንካራ ነው፣ የሴት ስስ ነው፣ ለዚህ ጥናት አያስፈልግም አለ።

7. አንዲት መምህርት ሳትምር መለሰችለት። ክንዳቸውን ሰብረው ጤና ጣቢያ የሚመጡት በብዛት ወንዶቹ እንደሆኑ አስታወሰችው። ከጉርምስና በፊት በአጥንት ጥግግት ብዙ እንደማይለያዩ፣ የወንዶቹ አጥንት በስፋት ትንሽ ቢበልጥም ትልቁ ልዩነት የሚመጣው በኋላ እንደሆነ አስረዳች። አነጋገሯ ግን ክፍል ውስጥ የሚረብሽ ተማሪ እንደምትገሥጽ ነበር።

8. አባትየው ተቆጣ። ወንዶች የሚሰበሩት ዛፍ ላይ ስለሚወጡ ነው አለ። እውነቱን ለመናገር ነጥቡ ከንቱ አይደለም፣ አጨዋወትም ድርሻ አለው። የቀረውን አልደግመውም።

9. ክሩን ወደ መስመር የመለሰው የአርኪዮሎጂ ተማሪ ነው። ችግሩ የት እንዳለ በደንብ አስረዳ። የልጅ አጥንት ጾታ ይለያል አይለይም የሚለውን ለመፈተን የልጁ ጾታ በእርግጠኝነት የሚታወቅ አጥንት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ስብስብ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። አንዱ ለንደን ስፒታልፊልድስ ከሚገኘው ክራይስት ቸርች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በ1984 እና በ1986 መካከል የወጣው ነው። ወደ 1,000 የሚጠጋ ሰው አጥንት ወጣ። ከነሱ ከ380 በላይ የሚሆኑት የሬሳ ሣጥናቸው ላይ ስማቸውና ዕድሜያቸው የተጻፈበት ሰሌዳ ስለነበራቸው ማን እንደሆኑ ታወቀ፣ ሕፃናትም ነበሩባቸው። በ1993 ሹትኮቭስኪ የተባለ ተመራማሪ የእነዚህን ልጆች መንጋጋና የዳሌ አጥንት መርምሮ ልዩነት አየሁ አለ። የወንዶቹ አገጭ ጎላ ይላል፣ የዳሌያቸው ጎድጓዳ ደግሞ ጠበብ ይላል። ተስፋ ሰጪ ነበር። ሌሎች በሌሎች ስብስቦች ላይ ሲሞክሩት ግን ውጤቱ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ያቅተዋል።

ከዚያ የመንጋጋውን ታሪክ አመጣ። በ2001 ሁለት ተመራማሪዎች የትንንሽ ልጆችን መንጋጋ ቅርጽ አይተን ከ100 ወደ 81 ያህሉን በትክክል ለየን አሉ። በዓመቱ ሌላ ተመራማሪ የልጆቹ ጾታ ሳይነገራት በዚያው ዘዴ ሞከረች። 64 ከመቶ ሆነ። ሳንቲም አየር ላይ ወርውሮ መገመትም 50 ከመቶ ያስገኛል።

10. ሁለተኛው መላሽ ተመለሰ! ይኸው፣ ሳንቲም ነው የሚወረውሩት፣ እኔ ምን አልኩ ባይ ሆነ። ድል እንዳደረገ ሰው በሳቅ ምልክት ሞላው።

11. አንድ የስታቲስቲክስ ሰው እርጋታ የተሞላበት መልስ ሰጠው። 64 ከመቶ ከ50 ይበልጣል። ልዩነት የለም ማለት አይደለም። የአንድ መቶ ልጆችን አጥንት ቢያሰልፉ የወንዶቹ አማካይና የሴቶቹ አማካይ ይለያያል። አንዱን ልጅ ብቻ አንስተህ ማን ነህ ብትለው ግን አጥንቱ አይመልስልህም፣ ምክንያቱም መሐል ላይ የሚደራረቡት ይበዛሉ። ይህ ሰው ያለው ነገር ለኔ የዚህ ሁሉ ክርክር ቁልፍ ነው። እነ 6ኛውና 7ኛዋ የተጣሉት አንዱ ስለ አማካይ ሌላዋ ስለ እያንዳንዱ ልጅ እያወሩ ነው፣ ወይም በተቃራኒው።

12. ከዚያ አንድ የአጥንት ሐኪም ነኝ ያለ ሰው ገባና ነገሩን ወደ በሽተኛ አልጋ አወረደው። በልጅነት የዳሌ አጥንት በሽታዎች ጾታ ይመርጣሉ። ሲወለዱ የጭን አጥንት አናት ከዳሌው ጉድጓድ በደንብ አለመቀመጥ በሴቶች ላይ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይበዛል። ጅማታቸው ላላ ማለቱ አንዱ ምክንያት ነው። በተቃራኒው ከ4 እስከ 8 ዓመት አካባቢ የጭን አጥንት አናት ደም አጥቶ የሚሰባበርበት ፔርቴስ የሚባለው በሽታ በወንዶች ላይ ነው የሚበዛው፣ እሱም አራት እጥፍ ገደማ። ስለዚህ ራጁ ላይ ወንድና ሴት ባይለይም፣ ክሊኒኩ በር ላይ የሚሰለፉት ይለያሉ።

ቀጥሎ የጻፈው ብዙ ሰው ሼር ያደረገው ክፍል ነው። ይህ የሴቶቹ የዳሌ ችግር ልጅ በጀርባ በሚታዘልባቸው የአፍሪካ አገሮች ብዙም አይታይም። ታዝሎ እግሩ ግራና ቀኝ የተከፈተ ሕፃን የጭኑ አናት ወደ ጉድጓዱ ገብቶ ይቀመጣል። እግርን ቀጥ አድርጎ ጠፍሮ መጠቅለል ደግሞ ያወጣዋል። ጃፓኖች በ1970ዎቹ እናቶች የሕፃን እግር ቀጥ አድርገው እንዳይጠቀልሉ ዘመቻ ካደረጉ በኋላ ችግሩ በጣም ቀነሰ።

13. ማዘል መነሳቱ ነው ወይስ ሐኪሙ፣ ብቻ አንዲት እናት ደስታዋ ወሰን አጣ። ዋሽንግተን ውስጥ ልጇን በአንቀልባ ስታዝል ጎረቤቶቿ እንደ ጉድ እንደሚያዩዋት፣ አሁን ይህን መልስ አትማ በር ላይ እንደምትለጥፍ ጻፈች።

14. ሌላው ግን ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። አንቀልባው ጥሩ ነው፣ ግን እኛም ገና የተወለደውን ልጅ እግሩን አጋጥመን በነጠላ ጠፍረን እንጠቀልላለን። አያቶቻችን እግሩ ይቀናል ይላሉ። እሱ የሚቀናው በመጠቅለል አይደለም። ሕፃን ሲወለድ እግሩ ቀስት መምሰሉ ያለ ነው፣ በዕድሜው ራሱ ይስተካከላል። እውነት ለመናገር ይህን መልስ እናቴ እንዳታነበው ነው የምፈልገው።

15. ከጤና ወደ ኳስ የተሻገርነው እዚህ ጋ ነው። አንድ ደጋፊ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ ጢም ያላቸው ተጫዋቾች ስላያቸው ጊዜያት ረዘም ያለ ቀልድ ጻፈ። ቀልዱ ያስቃል፣ ስም ስለጠራ ግን አልደግመውም።

16. ለሱ የተሰጠው መልስ ከቀልዱ ይበልጥ ጠቃሚ ሆነ። ፊፋ በ2009 ናይጄሪያ ላይ በተደረገው የወንዶች ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማየት ጀመረ። የክንድ አጥንት ጫፍ ከአጥንቱ ግንድ ጋር ሙሉ በሙሉ ከተገጣጠመ ልጁ ከ17 በላይ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ለሴቶቹ ግን ይህ አይሠራም። አንጓቸው ቀድሞ ስለሚገጣጠም እውነተኛ የ16 ዓመት ልጅ ዕድሜዋን ደብቃለች ተብላ ልትባረር ትችላለች። ዘዴው ለሴቶች ውድድር እንዳይውል ተመራማሪዎች የመከሩት በዚህ ነው። 3ኛዋ የተናገረችው የሁለት ዓመት ቅድሚያ እዚህ ዋጋ አወጣ።

17. የዚህ ክር ከባዱ መልስ ይሄ ነው። አውሮፓ ያለ ወጣት ጻፈው። ብቻውን ተሰዶ ሲደርስ ዕድሜውን አላመኑትም፣ የእጁን ራጅ አነሱትና አዋቂ ነህ ተባለ። ከልጆች ማረፊያ አውጥተው ከአዋቂዎች ጋር አስቀመጡት። አገሩንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠቀሰም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የተናደደው በቀልዱ ነው። ለናንተ ጨዋታ የሆነው አንጓ የኔን ሕይወት ሁለት ዓመት በላው የሚል ስሜት ያለው ጽሑፍ ነበር። 15ኛው ይቅርታ ጠየቀ። ቶሎ ስለጠየቀ አከበርኩት።

18. 3ኛዋ ባለሙያ ለዚህ ወጣት ስትል ተመልሳ መጣች። ያ 3ኛው መልሷ ላይ የጠቀሰችው አትላስ የተሠራው አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ፣ በ1917 እና በ1942 መካከል ከተወለዱ፣ በደንብ ከበሉ ነጭ ልጆች ራጅ ነው። የታተመው በ1950፣ ሁለተኛው እትም በ1959። ዓላማውም እድገቱ የዘገየ ወይም የቸኮለ ልጅን ለማከም ነው፣ የልደት ቀን ለመፈለግ አልነበረም። ትክክለኛ ዕድሜያቸው የታወቀ ሁለት ጤነኛ ልጆች በአጥንት ዕድሜ አንድ ሁለት ዓመት ቢለያዩ የተለመደ ነው። በልጅነቱ የተራበ ልጅ አጥንት ደግሞ ይዘገያል። እዚህ ላይ ድምጿ ጠንከር ብሏል። ራጁን የሚያነሳ ባለሙያ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ ወረቀቱን የሚፈርመው ሰው ግን ማወቅ አይፈልግም ብላ ነው የጨረሰችው።

19. አንድ ሰው ወደ መንታዎቹ ጉዳይ ተመለሰ። ልጆች ሆነው በሚሊ ሜትር ብቻ ከተለያዩ አዋቂ ወንድ ለምን 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበልጣል? መልሱን ራሱ ሰጠ። ሴቷ ቀድማ ትጎረምሳለች፣ ቀድማም ታቆማለች። ወንዱ በልጅነት እርምጃ ሁለት ዓመት ያህል ይጨምርና ከዚያ ይመነደጋል። በሁለቱም ጾታ የአጥንቱን ጫፍ ዘግቶ እድገቱን የሚያቆመው ግን ኢስትሮጅን (የሴት የሚባለው ሆርሞን) ነው፣ በወንዱም ጭምር። በ1994 በጥናት የተጻፈለት አንድ ታማሚ አለ። ሰውነቱ ኢስትሮጅንን የማይሰማ ወንድ ነው። በ28 ዓመቱ 204 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ገና ያድግ ነበር፣ የአጥንቱ ዕድሜ 15 ነበር። 6ኛው አባት ይህን ላይክ አድርጎታል፣ ምን እንደተረዳ እሱ ነው የሚያውቀው።

20. የአርኪዮሎጂው ተማሪ እንደገና ወደ ሰላም መለሰን። አሁን ቅርጽ ማየት ሳያስፈልግ ጾታ የሚለይበት መንገድ አለ። የጥርስን ጠንካራ ሽፋን የሚሠራው አሜሎጄኒን የተባለ ፕሮቲን ነው። ጂኑ በኤክስም በዋይም ክሮሞዞም ላይ አለ፣ ሁለቱ ግን ትንሽ ይለያያሉ። ከጥርሱ ጥቂት ተፍቆ የዋይ ዓይነቱ ከተገኘ ወንድ ነው። የሕፃን ጥርስም ይበቃል። በ2025 ተመራማሪዎች ይህን ደቡብ አፍሪካ ስዋርትክራንስ ዋሻ በተገኙ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆናቸው ጥርሶች ላይ ሠሩት። አንዱ ጥርስ በመጠኑ ትንሽነት የሴት ነው ይባል የነበረ ነው። ወንድ ሆኖ ተገኘ።

21. ይህ ለ1ኛው መላሽ ከባድ ነገር ነው፤ የሰላም ጾታ የተገመተው በዚያው በጥርስ መጠን ነውና። እሱ ግን ሳይከፋው ተቀበለ። ከጥርስ መጠን የተሻለ ማስረጃ ሲመጣ ግምቱ ይለወጣል፣ እስካሁን ግን ከእጃችን ያለው ይሄ ነው አለ። ዕድሜዋም እንዲሁ ተሻሽሏል። በ2006 ወደ 3 ዓመት ተባለች። በኋላ ፈረንሳይ ግሬኖብል ውስጥ ጥርሷን በኃይለኛ ጨረር አይተው በየቀኑ የሚጨመሩትን መስመሮች ቆጠሩ። 861 ቀን ሆነ፣ 2 ዓመት ከ4 ወር ገደማ። በእኔ አመለካከት ይህ ቁጥር ከጾታዋ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው።

22. አንዱ ታዲያ ለምን ያንን ፕሮቲን ከሰላምም አይወስዱም አለ።

23. አንድ ሌላ ሰው ሲበዛ ተቆጣ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሁለተኛ የሌለውን ቅርስ ለእኛ ወሬ ሲባል ይፋቅ ማለት ነውር ነው አለ። አፋር በረሃ ውስጥ ለዚህን ያህል ዘመን የቆየ ጥርስ ፕሮቲኑን ላይጠብቅ እንደሚችልም ጨመረ። ቢፋቅም ባዶ እጅ መቅረት አለ። እኔም ወደሱ አደላለሁ። ወንድ ብትሆን ስለ ትከሻዋ፣ ስለ እግሯ፣ ስለ አንጎሏ አስተዳደግ የተማርነው አንዱም አይፈርስም።

24. ሁለተኛው መላሽ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፣ አሁን ግን ቀዝቅዞ። የሰላምን ነገር ትንሽ እንደተረዳ ጻፈና ወደ ድንቅነሽ ዞረ። በ1995 ዙሪክ ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች ዳሌዋን አይተው ወንድ ልትሆን ትችላለች ብለው እንደነበር ከየት እንዳገኘው እንጃ አምጥቶ ጣለው። ብዙዎቹ ባለሙያዎች እንዳልተቀበሉት 9ኛው ወዲያው አስተካከለው። እሱ ግን በዚህ አልበቃውም። መልሱም ተቃውሞውም እየተደራረበ ነው። ድንቅነሽ አዋቂ ናት፣ የሷ ክርክር የዳሌ ክርክር ነው፣ ከልጆች አጥንት ጋር አይገናኝም። ለሷ ሌላ ክር ክፈቱና እዚያ ተጣሉ።